ለልጄ የገዛሁት ባለ ቁልፍ ስልክ፦ ከሦስት ወር በኋላ

ስልኩን የገዛሁት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው። 2,400 ብር። ሻጩ "ለእናትሽ ነው?" አለኝ። ለልጄ ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝና "ምን አጥፍታ?" አለ። ያኔ ነበር ዞር ብዬ መሄድ የነበረብኝ። ልጄም ማታ ካርቶኑን ስትከፍት ከአፏ የወጣው ይኸው ነው። "ማሚ፣ ምን አጠፋሁ?"

የወላጆች ስብሰባ ላይ አፌ አምልጦኝ "የልጄን ስልክ በባለ ቁልፍ ቀየርኩት" ካልኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የቱን ገዛሽ? ጠቀማት? አልቅሳ አላስቸገረችሽም? እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የስልኩን ስም አልጠራም፤ የማማርርበት ነገር አለኝ። ደግሞ ሱቅ ገብታችሁ ብታዩ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ነው የሚመስሉት። የቀለም ልዩነት ካልሆነ አንዱን ከአንዱ መለየት ከባድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ግን በስልክ ሳይሆን በክሬም ነው።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ቤት ውስጥ ቱቱ ነው የምንላት፤ እዚህም ቱቱ ትሁን። ኅዳር ላይ እርሳስ ፈልጌ የእስክሪብቶ መያዣዋን ስከፍት አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ አገኘሁ። ክዳኗ ላይ በማርከር "ማታ" ተብሎ ተጽፏል። በቃ። የፋብሪካ ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ምን እንዳለበት የለ። ሽታዋ ሽቶና በረኪና የተቀላቀለ ዓይነት ነው። ለልደቷ አክስቷ ከሰጠቻት ገንዘብ ላይ 1,500 ብር ከፍላ ነው ያስመጣቻት። አጭር ቪዲዮ አየች፣ ወደ ቴሌግራም ቻናል ገባች፣ ዕቃው በሞተር ትምህርት ቤት በር ድረስ መጣላት። ቪዲዮውን አሳየችኝ። አንዲት ልጅ ፊቷ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግራው ጠይም ቀኙ ቀይ ሆኖ ትስቃለች። "ከ7 ቀን ጀምሮ ለውጥ" ይላል።

ለውጡስ መጣ፣ አልዋሽም። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷ ጥርት አለ። እኔ ራሴ "ምነው ሰሞኑን አምሮብሻል!" ብያታለሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይቺ ቃል ናት። በሦስተኛው ሳምንት ጉንጯ ቀላ፣ አፏ ዙሪያ ሽፍ አለባት፣ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ያቃጥላት ጀመር። ለኔ "ሳሙና ቀይሬ ነው" አለችኝ። አመንኳት።

ቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ብልቃጧን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና "ምን እንዳለበት የሚያውቀው የበጠበጠው ሰው ብቻ ነው" አለች። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት)፣ ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ ሲብስ ደግሞ ሜርኩሪ ነው። ክሎቤታሶል በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ እውነተኛ መድኃኒት ነው። ግን ፊት ላይ ለሳምንታት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቆጣል። ልጆቹ "ሳቆመው ባሰብኝ" እያሉ ተመልሰው የሚገዙት ለዚህ ነው። ሜርኩሪ ኩላሊት ድረስ ነው የሚጎዳው። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ማምረትንም መነገድንም ይከለክላል፤ "ማታ" የሚል ብልቃጥ ላይ ግን ማን ምን አንብቦ ይከለክል? እና ልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ወዲያው ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ዕቃውንም ልጁንም ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የዚያን ዕለት ማታ ስልኳን ተቀብዬ ሴቲንግ ውስጥ "ዲጂታል ዌልቢንግ" የሚለውን፣ ስልኩ በቀን ስንት ሰዓት እንደተከፈተ የሚያሳየውን፣ ከፈትኩ። ቅዳሜ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ አራቱ ሰዓት አንድ አፕ ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተከፈተበት ቀንም አለ። እኔ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ ብርሃን ባየሁ ቁጥር "ስታጠና ነው" እያልኩ ለጎረቤት ስመካ ነበር።

የአሜሪካ ዋና የጤና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ማሳሰቢያ አውጥተው ነበር። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች የጭንቀትና የድባቴ ምልክት የማሳየት ዕድላቸው እጥፍ ነው ይላል። የኛዋ ቅዳሜ ከዚያም እጥፍ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ዜና እያነበበ "አውስትራሊያ እኮ ዘጋችው" አለ። እውነቱን ነው። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አገር ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ስናፕቻት የመሳሰሉት ላይ አካውንት ሊኖረው አይችልም። የሚቀጡት ደግሞ ኩባንያዎቹ ናቸው፣ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር። ልጁም ወላጁም አይነኩም። እኛ ቤት ግን ሕጉን ያወጣሁትም፣ ያስፈጸምኩትም፣ የተቀጣሁትም እኔ ነኝ።

በበነጋው መገናኛ ሄድኩ።

እንግዲህ ወደ ስልኩ። መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን።

ባትሪው። አማርኛችን ሁለቱንም ባትሪ ስለሚል ልለየው። ቻርጅ የሚይዘውም ባትሪ፣ አናቱ ላይ የሚያበራውም ባትሪ፣ ሁለቱም አንበሳ ናቸው። እሑድ ማታ ቻርጅ ካደረገችው እስከ ዓርብ ይደርሳል። መብራት የጠፋ ቀን እኔና ባለቤቴ በውድ ስልኮቻችን ጨለማ ውስጥ "ስንት ፐርሰንት ቀረሽ?" እየተባባልን፣ ቱቱ በ2,400 ብር ስልኳ ወጥ ታበራልኛለች። ድምፁም ጠንካራ ነው፤ ደረጃ ላይ ሆና ስታወራ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል። ይህን ጥሩ ነው ልበል መጥፎ አላውቅም። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# ስለሚሠራ ገንዘብ መላክም መቀበልም አልተቸገረችም። የካርድ ቀሪ በ*804# ታያለች። ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ወድቆ ክዳኑ ወዲያ፣ ባትሪው ወዲህ፣ ሲሙ ሌላ ቦታ ሄደ። ሰብስባ ገጣጠመችው፣ ሠራ። የኔ ስልክ ከሶፋ ላይ ወድቆ ስክሪን ማስቀየሪያ የከፈልኩትን አልነግራችሁም።

አሁን ምሬቱ። አማርኛ አያነብም። ትምህርት ቤቱ ለተማሪም ለወላጅም በአማርኛ የሚልከው አጭር መልእክት እሷ ስልክ ላይ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ከዚያ "8፡30"፣ ከዚያ እንደገና ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው። የሆነ ነገር 8፡30 ላይ እንዳለ ታውቃለች፣ ምን እንደሆነ አታውቅም። አንድ ቀን የወላጅ ስብሰባውን ፈተና መስሏት ሌሊቱን ስታጠና አደረች። አማርኛ የሚያነቡ ባለ ቁልፎች እንዳሉ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ስልኩ አንድ የአማርኛ መልእክት ልካችሁ ሞክሩ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የ5 ቁጥር ቁልፍ ተጣበቀች። አንድ ዓመት ዋስትና ያለኝ ሻጭ ስልኩን አገላብጦ "ውሃ ነክቶታል" አለኝ። አልነካውም። "ውሃ መቼ ነካው?" ብዬ ልከራከር ብል ከኋላዬ ሌላ ደንበኛ ቆሟል። ተመለስኩ። አሁን 5ን ለመጫን ጥፍር ያስፈልጋል።

ካሜራም አለው። ፊትን ከጉልበት አይለይም፣ ግን አለ።

ከሁሉ የባሰው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ስልክ ይዞ መምጣት ክልክል ነው ይላሉ፤ የቤት ሥራውን የሚልኩት ደግሞ በቴሌግራም ነው። ወርክሺቱ በቴሌግራም፣ የፈተና ፕሮግራሙ በቴሌግራም፣ የቡድን ሥራ ክፍፍሉ በቴሌግራም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቱቱ የአንድ ቡድን ሥራ አመለጣትና ዜሮ ልታገኝ ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ እኔ የክፍሉ ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። 52 ተማሪና እኔ። ቢሮ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስልኬ "ባዮ ቁጥር 4 ማን ሠራ???" ይላል። ለአንድ ወር የልጄ ጸሐፊ ነበርኩ።

ልጅቷስ? እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ሳምንት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። 4 ሰዓት ሳይሞላ ትተኛለች። እራት ላይ ታወራለች፤ ያውም ቅሬታ ይሁን እንጂ ታወራለች። ሬዲዮ አገኘች። ኳስ ስትሰማ አንድ ቀን ከአባቷ ጋር አብራ ጮኸች። በቃ አሸነፍኩ አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ገብታ አትወጣም ጀመር። በር አንኳኳለሁ፣ "መጣሁ" ትላለች፣ ሃያ ደቂቃ። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አየኋት። መስታወቱ ላይ ተጠግታ በአንድ እጇ የአፍንጫዋን ግራና ቀኝ ጫን አድርጋ ይዛ፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። እንዴት ቢቀጥን እንዴት እንደሚሆን ነው የምታየው። ስልኩን ነው የቀማኋት፣ መስታወቱ እዚያው ነው። ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ በጓደኞቿ ስልክ እንደምታይ አላጣሁትም። እነዚህን ልጆች በመዝጋት ታሸንፋላችሁ ብላችሁ አታስቡ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም አገራችን ላይ ሲገደቡ ቱቱ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ያኔ ገደቡን የሚያሳልፈውን ቪፒኤን ስልኬ ላይ የጫነችልኝ እሷ ናት።

ከዚያ ገና መጣ።

ለገና ባለቤቴ እናት ቤት ነው የምንሄደው። ገና ከበር ሳንገባ አንዷ አክስት ቱቱን አገላብጣ ሳመቻትና፣ "ውይ ልጄን! ምነው እንዲህ ጠቆርሽ?" አለች። ሁለተኛዋ ተቀበለች። "ፊትሽንስ ምን ነካው? ቡግር ነው?" ሦስተኛዋ እኔን እያየች፣ "እናቷ ቀይ፣ እሷ ቁርጥ አባቷን!" ሁሉም በፍቅር ነው። ሁሉም እየሳሙ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሁሉ ስባል የኖርኩት ነው፤ "ከሳሽ"፣ "ወፈርሽ"፣ "ጠቆርሽ" እኛ ዘንድ "እንደምን ከረምሽ" ማለት ነው። ግን ቱቱ እነሱን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችው። "ምነው ሰሞኑን አምሮብሻል" ያልኳት ቀን ትዝ አለኝ። ያ ቀን ክሬሙ የሠራበት ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ፍራንሲስ ሃውገን የምትባል፣ የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች አውጥታ ነበር። ከነዚያ አንዱ ላይ የኩባንያው የራሱ አጥኚዎች፣ ኢንስታግራም ከሦስት ታዳጊ ሴቶች አንዷን ስለ ሰውነቷ ያላትን ስሜት እንደሚያብስባት ጽፈዋል። ኩባንያው ጥናቱ ያለ አግባብ ተተርጉሟል ብሎ ተከራክሯል። እነሱ ከሦስት አንድ፤ እኛ ሳሎን ውስጥ ከሦስት አክስት ሦስት። ይህን ስል ኩባንያዎቹን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ብልቃጧን ለቱቱ ያመጣት ቪዲዮው ነው። ብልቃጧ የምትፈልገውን ልጅ አዘጋጅተን የጠበቅናት ግን እኛ ነን።

በዚያው ቀን የቱቱ ስልክ ጮኸ። አያቷ ዞር ብለው አዩና ከመቀነታቸው ውስጥ የራሳቸውን አወጡ። ያው ናት። ቀለሟ እንኳን ያው። "ይቺ የኔ አይደለችም እንዴ?" አሉ። ቤቱ በሳቅ አለቀ፣ የአጎቷ ልጆች "አያቴ" ብለው ስም አወጡላት፣ ቱቱ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትለዋት የገቡት አያቷ ናቸው። ምን እንዳሏት አላውቅም። ስትወጣ ግን የሁለቱን ስልክ ሲም ቀያይራ ነበርና ለሁለት ቀን እሳቸውን ስደውል ቱቱ፣ ቱቱን ስደውል እሳቸው ያነሱ ነበር።

ከገና በኋላ ስማርት ስልኩን መለስኩላት። ግን አብረን ቁጭ ብለን። ስለዚህ ሰዓት ነው ከሁሉ በላይ መጻፍ የምፈልገው፣ ምክንያቱም 2,400 ብሩ ያላደረገውን ያደረገው ይኸኛው በነጻ የሆነው ነው።

መጀመሪያ የፊት ካሜራውን ከፈትን። ከታች "ቢውቲ" የሚል ምልክት አለ። እሷ አላበራችውም፤ ስልኩ ከካርቶን ሲወጣ ጀምሮ በርቶ ነው የመጣው። ሁለታችንም ጭንቅላታችንን አጠጋግተን ስክሪኑ ላይ እያለን ወደ ዜሮ ሳብኩት። ፊታችን ቀስ እያለ ተመለሰ። ቀለማችን ጠቆር አለ፣ አገጫችን ሰፋ አለ። ቱቱ አገጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቷ ነካች። ሦስት ዓመቷ ላይ ከደረጃ ወድቃ ያተረፈቻት ናት። "ይቺ እኮ ስልኬ ላይ የለችም ነበር" አለች። እኔም ከዓይኔ ሥር ያለውን ከረጢት አየሁና ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩ ሳንጠይቀው ሲያሳምረን ኖሯል፤ ልጅቷ መስታወት ስታይ "ምን ነካኝ?" ብትል ምን ይገርማል? እባካችሁ ዛሬውኑ የልጃችሁን ስልክ ካሜራ ክፈቱና እዩ። የራሳችሁንም። ስሙ "ቢውቲ" ወይም "ፌስ" ወይም የአስማት ዘንግ ሥዕል ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አካውንቷን አየን። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉ የቀን ገደብ 60 ደቂቃ አድርጓል፤ ልጁ ኮድ አስገብቶ ሊያልፈው ይችላል፣ በ"ፋሚሊ ፔሪንግ" ከወላጅ ስልክ ጋር ሲያያዝ ግን ገደቡ በወላጅ እጅ ነው። ከ16 በታች ከሆነ የግል መልእክት መላላክ የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ደግሞ መልክ የሚቀይሩ ፊልተሮችን ለታዳጊዎች እንደሚገድብ አስታውቋል። ኢንስታግራምም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የታዳጊዎች አካውንት ጀምሯል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ማሳወቂያ ዝም ይላል፣ አካውንቱም ተከታይ ላልሆነ ሰው በራሱ ዝግ ይሆናል። ይህን ሁሉ አንብቤ "ታዲያ የኛዋ ላይ ለምን አይሠራም?" አልኩ። አንዱም የለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ክፍት ነው።

ምክንያቱን ስናገኘው ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እኔ መሳቄን አቆምኩ። ቱቱ የተወለደችው መስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። አካውንት ስትከፍት የልደት ዓመት ሲላት 2003 ብላ ሞላች። አፑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። እሱ ዘንድ ቱቱ የ22 ዓመት ሴት ናት! አልዋሸችም እኮ። ዕድሜዋን በትክክል ነው የሞላችው። ስንቱ የኢትዮጵያ ልጅ በዚህች በሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ምክንያት ትልቅ ሰው ተብሎ እየተስተናገደ እንደሆነ አስቡት። ቢሮ ላሉ እናቶች ነገርኳቸው፣ በማግስቱ ሁለቱ "የኔም እንደዚያው ነው" ብለው መጡ።

አዲስ አካውንት በትክክለኛው ዓመት ከፈትን። አሮጌውን ስትዘጋ 1,100 ተከታይ ነበራት። አለቀሰች። እኔ "ቁጥር ነው" ልላት ነበር፣ ግን ለሷ ቁጥር እንዳልሆነ ገብቶኛልና አፌን ያዝኩ። ሻይ አፍልቼ አብሬያት ተቀመጥኩ። ያንን የቴሌግራም ቻናልም ራሷ ሪፖርት አድርጋ ወጣች። እኔ ሳልነግራት።

በመሃል "አንቺስ ማሚ?" አለችና የኔን ስልክ ተቀበለችኝ። 4 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። ለሥራ ነው አልኳት። ከዝርዝሩ ላይ "ይሄ የሠርግ ዲኮር ነው፣ ሥራሽ ሒሳብ አይደል?" አለች። ወደሚቀጥለው እንለፍ።

እና ባለ ቁልፉን ልግዛ ወይስ አልግዛ ለምትሉኝ። ልጃችሁ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመቱ ከሆነ፣ ብቻውን ከትምህርት ቤት የሚመጣ ከሆነ፣ ግዙ፣ ሌላ ስልክ አያስፈልገውም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ "ስልኬን ውሰዱልኝና ላጥና" ብሎ ራሱ ከጠየቀ፣ ሩጡና ግዙለት። ስማርት ስልክ የለመደ የ15 ዓመት ልጅን ለመቅጣት ከሆነ ግን ብራችሁን አትጣሉ። ታክሲ ውስጥ ስልኩ ሲጮህ ቱቱ ቦርሳዋን አቅፋ ድምፁን ለማፈን ስትታገል አይቻታለሁ። መልኳ ያሳፈራት ልጅ ላይ ሌላ የምታፍርበት ነገር ጨመርኩባት። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለሳጥን ሳጥኑ፣ ሌላውን ለ5 ቁጥር። ሻጩ ምንም አያገኝም።

ፊቷ አሁን ድኗል ማለት ይቻላል። ስምንት ሳምንት ፈጀ። የሚያቃጥላት ነገር ቆሟል፣ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጥላ አለ። የአፍንጫው ነገር አላለቀም፤ አንዳንድ ቀን አሁንም መታጠቢያ ቤቱ ሃያ ደቂቃ ነው። ለአክስቶቹ ከጥምቀት በፊት አንድ በአንድ ደውዬ "ስለ መልኳ ምንም እንዳትሉብኝ" አልኩ። አንዷ ተቀይማኛለች። ሌላዋ ጥምቀት ላይ ቱቱን ስማ፣ አፏን ከፍታ፣ እኔን አይታ፣ "…አድገሻል!" አለች።

ባለ ቁልፉ ግን አልተጣለም። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሦስታችንም ስማርት ስልኮቻችንን ሳሎን ቻርጅ ላይ ትተን እንገባለን (ባለቤቴ አንዳንዴ "ቢሮ ሊደውልልኝ ይችላል" ይላል፣ ማንም አይደውልለትም)። ቱቱ ባለ ቁልፉን ይዛ ትገባለች። ማንቂያ ደወሉ ነው የሚቀሰቅሳት። እዚህ ላይ ግን አስጠነቅቃችኋለሁ፤ የደወሉን ድምፅ መቀነስ አይቻልም፣ ሞክረናል፣ ሴቲንጉ ውስጥ የለም። ለማጥፋት ደግሞ 5ን መጫን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጅቷ በእንቅልፍ ልቧ ጥፍሯን እስክትፈልግ ድረስ ከጎናችን ያሉት፣ ከታች ያሉት፣ ዘበኛውም አብረው ይነሣሉ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ አስቡበት።